በነዳጅ ማደያ ቦታ የአፈር ናሙና ስለ መውሰድ

ለቢቸናና ለሞጣ ነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

የንግድ ሰው ሸቀጥን ሳይመረምር አይገዛም። ጤፍ ሸማቹ ጆንያውን በመውጊያ ወግቶ ከመካከልና ከግርጌ ያለውን እፍኝ ያወጣል፤ ቅቤ ሸማቹ በስንጥር መሐሉን ወግቶ ያሸታል፤ ከላይ የተቀመጠው መልካም ከታች ያለውን መጥፎ ሊሸፍን እንደሚችል ከአባቶቹ ተምሮአልና። ይሁን እንጂ ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ስለ ቤትና ስለ ቦታ በሚዋዋልበት ጊዜ ግንቡን፣ ጣሪያውንና የመንገዱን ዳር ተመልክቶ ይፈርማል እንጂ ከሊሾው በታች ስላለው አፈር የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ቦታው ነዳጅ ማደያ ያለበት ወይም ቀድሞ የነበረበት ሲሆን ይህ ዝምታ ከባድ ኪሳራ ሊያስከትል ይችላል።

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገድ የምሥራቅ ጎጃምን እህል የሚያወጣ፣ ሸቀጥንም የሚያስገባ መስመር ነው። መኪና በሚመላለስበት መንገድ ነዳጅ ይከተላል፤ ነዳጅ በሚሸጥበትም ዘንድ የመሬት ውስጥ ታንከር፣ ቧንቧ፣ በርሜልና ጀሪካን ይኖራል። ከተማ ሲያድግ ማደያው ወደ ሌላ ሥፍራ ይዛወርና በነበረበት ቦታ ሱቅ፣ ሆቴል ወይም መጋዘን ይሠራል። በዚያን ጊዜ ከመሬት በላይ የነበረው ሁሉ ይፈርሳል፤ ከመሬት በታች ያለው ግን እንዳለ ይቀራል።

ስለዚህ ይህ ትምህርት አንድ ነገር ለማስረዳት ተጽፎአል። ይኸውም የአፈር ናሙና የሚጠቅመው ከተገቢው ቦታና ከተገቢው ጥልቀት ተወስዶ በተገቢው አያያዝ ወደ ላቦራቶሪ የደረሰ እንደ ሆነ ብቻ ነው፤ ያለዚያ የተወሰደ ናሙና ግን የሐሰት ዋስትና ስለሚሰጥ ጨርሶ ካለመመርመር ይብሳል።

1. ነዳጅ ወደ አፈር የሚገባው እንዴት ነው?

ነዳጅ ፈሰሰ ሲባል ብዙ ሰው የሚታሰበው የተገለበጠ ቦቴ ወይም የተቀደደ በርሜል ነው። እንዲህ ያለውን አደጋ ሁሉም ስለሚያየው ፈጥኖ ይታረማል። የሚበልጠው ጉዳት የሚመጣው ማንም ከማያያት ጠብታ ነው። አንድ የቧንቧ መጋጠሚያ በየሰከንዱ አንዲት ጠብታ ቢያፈስ፣ 20 ጠብታም አንድ ሚሊ ሊትር ይሆናል ብንል፣ በአንድ ቀን ከ4 ሊትር በላይ፣ በአንድ ዓመትም 1,577 ሊትር ያህል ይሆናል። ይህም 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል ሲሰፈር ስምንት በርሜል ለመሙላት ጥቂት ብቻ የሚጎድለው ነው።

ነዳጅ ከውኃ የቀለለ ስለ ሆነ ወደ ታች ወርዶ የከርሰ ምድር ውኃ ባገኘ ጊዜ በላዩ ይንሳፈፋል፤ ከፊሉም በውኃው ውስጥ እየሟሟ ውኃው ወደሚሄድበት አብሮ ይሄዳል። ቤንዚን ከያዛቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ ቤንዝን ይባላል፤ ስሙ ከነዳጁ ስም ጋር ቢመሳሰልም ራሱን የቻለ ሌላ ነገር ነው። ቤንዝን የደም ካንሰር እንደሚያመጣ በሕክምና የተረጋገጠ ሲሆን የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያመለከተው ወሰን በአንድ ሊትር ውኃ 0.01 ሚሊ ግራም ነው። ሒሳቡን እንመልከት። በአንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ ቤንዝን ቢኖር ክብደቱ 8.8 ግራም ያህል ነው። ይህ ሁሉ በውኃ ውስጥ ቢሟሟ 880,000 ሊትር ውኃ እስከ ተጠቀሰው ወሰን ድረስ ለመበከል ይበቃል። ይህም ባለ 20 ሊትር 44,000 ጀሪካን ማለት ነው። አንዲት ሊትር ነዳጅ ይህን ያህል ካደረገች፣ በየዓመቱ 1,577 ሊትር የጠጣ አፈር በጎረቤት የውኃ ጉድጓድና በምንጭ ላይ ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት አንባቢው ራሱ ይገምተው።

ለሱቅና ለመጋዘን ባለቤትም የተለየ ጉዳት አለ። የነዳጅ ትነት በአፈሩ ቀዳዳና በወለሉ ስንጥቅ ሾልኮ ወደ ቤት ይገባል። ቡና፣ ዱቄትና ቅባት ያለው እህል የሌላውን ሽታ በቀላሉ ስለሚስቡ ሸቀጡ ገበያ ላይ ይነቀፋል። በተዘጋ ክፍል የተጠራቀመ ትነትም በአንዲት የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል።

ይህ ችግር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1984 በመሬት ውስጥ ስለ ተቀበሩ የነዳጅ ታንከሮች ሕግ ወጣ፤ በ1988ም ዝርዝር ደንቡ ተከተለ። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ምርመራ ነዳጅ እያፈሰሱ የተገኙት ቦታዎች ከ500 ሺህ ይበልጣሉ። ብዙዎቹ የተገኙት ሰው በዓይኑ አይቶ ሳይሆን አፈርና ውኃ ተመርምሮ ነው።

2. መዝገብ የሚነግረንና የማይነግረን

የማደያ ባለቤት ከአፈሩ አስቀድሞ የሚጠይቀው ምስክር በቢሮው ውስጥ አለ፤ እርሱም መዝገብ ነው። በየቀኑ በመለኪያ ዘንግ የተለካው፣ ከቦቴ የተራገፈውና በፓምፑ ቆጣሪ የተሸጠው ነዳጅ በሥርዓት ተጽፎ በወሩ መጨረሻ ይመሳከራል። በአሜሪካ ደንብ የአንድ ወር ልዩነት ከወሩ ሽያጭ ከመቶ አንድ እጅና በተጨማሪ 130 ጋሎን፣ ማለት 492 ሊትር ያህል፣ ካለፈ ታንከሩ ወይም ቧንቧው ያፈስሳል ተብሎ ይጠረጠራል። በወር 60,000 ሊትር ለሚሸጥ ማደያ ይህ ወሰን 600 እና 492 ተደምሮ 1,092 ሊትር ይሆናል።

ጉድለት ሁሉ ግን ማፍሰስ አይደለም። ነዳጅ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ለቤንዚን ለውጡ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሺህ አንድ እጅ ያህል ነው። ስለዚህ በጅቡቲ ሙቀት 40,000 ሊትር የጫነ ቦቴ ወደ ጎጃም ደጋ ወጥቶ ነዳጁ 15 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ አንዲት ጠብታ ሳትፈስ 600 ሊትር ያህል የጎደለ ይመስላል። ይህን የማያውቅ ባለቤት ሾፌሩን ያለ ጥፋቱ ሊከስስ ይችላል።

በአንጻሩም መዝገቡ የማያየው ማፍሰስ አለ። ከላይ የተመለከትናት የሰከንድ ጠብታ በአንድ ወር የምታወጣው 130 ሊትር ያህል ነው። ይህም ከ1,092 ሊትር ወሰን እጅግ ስለሚያንስ ሒሳቡ በየወሩ ደኅና ነው እየተባለ ይታለፋል፤ አፈሩ ግን እየጠጣ ይኖራል። መዝገብ ዝም በሚልበት ጊዜ መናገር የሚችለው አፈር ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የተባለው ለዚህም ጉዳይ የሚስማማ ነው።

3. የቢቸናና የሞጣ አፈር ጠባይ

አፈር ሁሉ ነዳጅን በአንድ ዓይነት አይቀበልም። በቢቸና ዙሪያ በሜዳው ላይ በብዛት የሚገኘው ጥቁር ዋልካ አፈር ነው፤ በሌላ አገር መረሬ ይሉታል። ገበሬው ጠባዩን ጠንቅቆ ያውቃል፤ በክረምት ያብጣል፣ ይጣበቃል፣ ውኃ ያቁራል፤ በበጋ ደግሞ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ከግማሽ ሜትር በላይ ወደ ታች ሊዘልቅ ይችላል። ከዚህ ጠባይ ለማደያ ቦታ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛ፣ አፈሩ በየዓመቱ ሲያብጥና ሲኮማተር የተቀበረውን ቧንቧ ይገፋዋል፤ ይጎትተዋልም። መጋጠሚያው የሚላላው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ፣ በበጋ የፈሰሰ ነዳጅ በስንጥቁ በኩል ፈጥኖ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ በመካከል ያለውን ድፍን ጓል አያርስም። ስለዚህ ናሙና ወሳጁ በሁለት ስንጥቆች መካከል ያለውን ንጹሕ ጓል ቈርጦ ቢያስመረምር ውጤቱ «ምንም የለም» ይላል፤ ነዳጁ ግን ከዚያ በአንድ ክንድ ርቀት በስንጥቁ ግድግዳ ላይ አለ።

ሦስተኛ፣ ታንከሩ የተቀበረበት ጉድጓድ ብዙውን ጊዜ በአሸዋ ወይም በጠጠር ይሞላል። ዙሪያው ዋልካ ሲሆን ያ ጉድጓድ እንደ ገንዳ ሆኖ ውኃና ነዳጅ ያጠራቅማል። ስለዚህ ከዋልካው ብቻ ሳይሆን ከጉድጓዱ አሸዋ ግርጌም ናሙና መውሰድ ይገባል።

በሞጣ በኩል ደግሞ ቀይ አፈር በብዛት ያጋጥማል። ቀይ አፈር ጥልቅ ነው፤ ውኃንም ወደ ታች ያሳልፋል እንጂ እንደ ዋልካ አያቁርም። በዚህ ምክንያት የፈሰሰው ነዳጅ ከላይ ብዙ ምልክት ሳይተው ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። በአንድ ክንድ ጥልቀት ቈፍሮ ንጹሕ ነው ማለት በቀይ አፈር ላይ ከሁሉ የሚበልጥ ስሕተት ነው። ከሁለቱም አፈር ሥር ያለው እሳተ ገሞራ የፈጠረው የጎጃም ደጋ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ በተሰነጠቀበት በኩል ነዳጁም ውኃውም ስንጥቁን ተከትለው ይሄዳሉ። በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለቱም የአፈር ዓይነት ሊገኝ ስለሚችል ማንም በከተማው ስም ብቻ ሳይወስን ቈፍሮ ያየውን ይመዝግብ።

ወቅቱም ይታሰብ። ቁፋሮው የሚመቸው በበጋ ነው። በክረምት ግን የከርሰ ምድር ውኃ ከፍ ሲል በላዩ የተንሳፈፈውን ነዳጅ ይዞ ይነሣል፤ ሲወርድም በመካከሉ ያለውን አፈር በነዳጅ ቀብቶት ይወርዳል። ስለዚህ በግንቦት የተደረገ ምርመራ ጥርጣሬ ካስቀረ፣ በመስከረም ወይም በጥቅምት ውኃው ከፍ ባለበት ጊዜ ድጋሚ ማየት መልካም ነው።

4. ናሙና ከየት ይወሰዳል?

ከመቈፈር በፊት መጠየቅ ይቀድማል። ታንከሩ የት ተቀበረ? ስንት ነበር? ቧንቧው በየት በኩል አለፈ? ነዳጅ በበርሜል ይሸጥ የነበረው በየትኛው ጥግ ነው? ማደያውን ያስተዳደሩ ሰዎችና የሠፈሩ ሽማግሌዎች ከወረቀት ይልቅ የሚያስታውሱት ሊበልጥ ይችላል። በማደያው ላይ በተሰቀለው ምልክት ብቻ መመራት አይገባም። የሼል የኢትዮጵያ ማደያዎች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2008 ወደ ኦይል ሊቢያ ተዛውረዋል፤ ኦይል ሊቢያም በኋላ ኦላ ኢነርጂ ተብሎአል። ይህ የተጠቀሰው ማንንም ለመንቀፍ ሳይሆን ስም ሲለወጥ ታንከሩ አብሮ እንደማይለወጥ ለማስታወስ ነው።

ከዚህ በኋላ ናሙና የሚወሰድባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው፦

1ኛ. ከእያንዳንዱ ታንከር በሁለቱ ጫፎች፣ ከታንከሩ ግርጌ በታች ካለው ያልተነካ አፈር፤

2ኛ. ቦቴው ነዳጅ ከሚያራግፍበት የመሙያ አፍ ሥር፤

3ኛ. ከእያንዳንዱ ፓምፕ ሥር፤

4ኛ. ከቧንቧው መስመር፣ በተለይም መጋጠሚያና መታጠፊያ ካለበት፤

5ኛ. ላቫጆ፣ ግራሶ ወይም የዘይት መቀየሪያ ካለ ከእርሱ ሥርና ከፍሳሹ መውጫ፤

6ኛ. በግቢው ቁልቁለት በኩል ካለው ወሰን፣ ወደ ጎረቤት የሚያልፍ ነገር እንዳለ ለማወቅ፤

7ኛ. በግቢው ዳገት በኩል ነዳጅ ካልነካው ቦታ፣ ለማነጻጸሪያ የሚሆን።

ሁለት ታንከርና ሁለት ፓምፕ ያለውን ትንሽ ማደያ በምሳሌ ብንወስድ ከታንከሮቹ ጫፍ 4፣ ከፓምፖቹ 2፣ ከመሙያው 1፣ ከቧንቧው 1፣ ከቁልቁለቱ 1፣ ከማነጻጸሪያው 1፣ ጠቅላላው 10 ናሙና ይሆናል። በዚህ ላይ የላቦራቶሪውን ሥራ ለመፈተን ከአንዱ ቦታ ጐን ለጐን ሁለተኛ ናሙና ወስዶ በሌላ ቁጥር መላክ ይገባል።

ጥልቀቱን የሚወስነው የታንከሩ ግርጌ ነው እንጂ የቈፋሪው ድካም አይደለም። ታንከሩ ሦስት ሜትር ተቀብሮ ከሆነ በአንድ ሜትር የተወሰደ ናሙና ስለ ታንከሩ ምንም አይመሰክርም። ማደያው በሥራ ላይ እያለ ከታንከሩ ሥር መድረስ ስለማይቻል ፕላኑን ይዞ፣ ከታንከሩና ከኤሌክትሪክ መስመሩ ራቅ ብሎ፣ በጐኑ ወደ ታች መሰርሰር ያስፈልጋል። ታንከሩ ተነቅሎ በሚወጣበት ቀን ግን ጉድጓዱ ሳይደፈን መመርመር ከሁሉ የተሻለ ዕድል ነው፤ ይህ ዕድል ካመለጠ እንደገና አይገኝም።

5. ናሙናው እንዴት ይወሰዳል?

የእርሻ አፈር ሲመረመር ከብዙ ቦታ የተወሰደው በአንድ ላይ ተቀላቅሎ፣ ደርቆና ተወቅጦ ይላካል። ለነዳጅ ምርመራ ይህ ልማድ ፈጽሞ አይሆንም። ቤንዚን ተናኝ ስለ ሆነ የተቀላቀለና ፀሐይ የመታው አፈር ነዳጁን በመንገድ ላይ ይጨርሳል። ስለዚህ የሚከተለው ሥርዓት ይጠበቅ።

ናሙና ወሳጁ ለእያንዳንዱ ናሙና አዲስ ጓንት ያደርጋል። የአፈር መሰርሰሪያውን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ሲያዛውር በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ያጥበዋል፤ በነዳጅ ወይም በዘይት ማጽዳት ግን ናሙናውን ራሱ መበከል ነው። በመጀመሪያ ማነጻጸሪያውን፣ በመጨረሻም ይበልጥ የተጠረጠረውን ቦታ ይቈፍራል።

አፈሩ እንደ ወጣ ወዲያው በንጹሕ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ይገባል። ባዶ አየር እንዳይቀር እስከ አፉ ተሞልቶ በጥብቅ ይከደናል። የፕላስቲክ ከረጢት ትነቱን ስለሚያሳልፍ አያገለግልም። ከዚያም በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንዲቈይ በበረዶ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። በአሜሪካ በተለመደው ሥርዓት ለቤንዚን የሚመረመረው ናሙና በ48 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ደርሶ መጠበቂያ መድኃኒት ሊጨመርበት ወይም ሊመረመር ይገባል፤ ለናፍጣ የሚመረመረው ደግሞ እስከ 14 ቀን ይቈያል። ከሞጣም ሆነ ከቢቸና ወደ ባሕር ዳር ወይም በደጀን በኩል ወደ አዲስ አበባ ናሙና የሚልክ ሰው መኪናውንና በረዶውን አዘጋጅቶ ይቈፍር እንጂ ቈፍሮ መኪና አይፈልግ።

በዕቃው ላይ የናሙናው ቁጥር፣ ቦታው፣ ጥልቀቱ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የወሳጁም ስም ይጻፋል። ናሙናው ከእጅ ወደ እጅ ባለፈ ቍጥር የሰጪውና የተቀባዩ ፊርማ በአንድ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ዕቃ ሲላክና ሲመጣ ይህን ሥርዓት የምናውቀው ነው። ነገሩ ወደ ክርክር ቢደርስ ፊርማ የጎደለው ናሙና ባለቤት እንደሌለው ጥቅል ዋጋ ያጣል።

ላቦራቶሪውም አስቀድሞ ይጠየቅ። የእርሻ አፈርን የሚመረምር ላቦራቶሪ ሁሉ ነዳጅን ይመረምራል ማለት አይደለም። ለቤንዚን የሚጠየቀው የቤንዝን፣ የቶሉዊን፣ የኢታይል ቤንዝንና የዛይሊን ምርመራ ነው፤ ለናፍጣና ለነጭ ጋዝ የሚጠየቀው አጠቃላይ የነዳጅ ሃይድሮካርቦን መጠን ነው። ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች እርሳስ የተጨመረበት ቤንዚን መሸጥ የቀረው በ1998 ዓ.ም. አጋማሽ ገደማ ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት በተሠራ ማደያ ቦታ የእርሳስ ምርመራም ይጨመር።

ስለ ደኅንነት ደግሞ ይህ ይታወስ። ሥራው የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው። በሥፍራው ሲጋራ አይጨስም፤ እሳትም አይቀርብም። አፈሩን ወደ አፍንጫ አስጠግቶ ማሽተት ምርመራ ሳይሆን መመረዝ ነው። ዋልካ በድንገት ስለሚናድ ማንም ሰው ባልተደገፈ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ አይግባ። የተሰረሰረው ቀዳዳም ሥራው ሲያልቅ በሲሚንቶ ወይም ውኃ በማያሳልፍ ሸክላ ይደፈን፤ ክፍት ከተተወ ነዳጁን ወደ ታች የሚያወርድ መንገድ ይሆናል።

6. ውጤቱ እንዴት ይነበባል?

የላቦራቶሪ ወረቀት በኪሎ ግራም አፈር ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም እንደ ተገኘ ይናገራል። ቁጥሩን ለማመዛዘን የሌላ አገር ወሰን ይረዳል። የሆላንድ መንግሥት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2013 ባወጣው መመሪያ አፈሩ በብርቱ ተበክሎአል የሚያሰኘው መጠን ለቤንዝን 1.1፣ ለማዕድን ዘይት 5,000፣ ለእርሳስ 530 ሚሊ ግራም በኪሎ ግራም ነው። ከዚህ በታች የሆነ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት ግን አይደለም፤ የውኃ ጉድጓድ በአጠገቡ ያለ እንደ ሆነ ያነሰም መጠን ያሳስባል።

«አልተገኘም» የሚል ቃል ሲነበብ የላቦራቶሪው መሣሪያ ሊያይ የሚችለው ዝቅተኛ መጠን ስንት እንደ ሆነ ይጠየቅ። ወርቅን በእህል ሚዛን መዝኖ ምንም የለም ማለት አይቻልምና። ሁለቱ ጐን ለጐን የተወሰዱት ናሙናዎች እጅግ የተራራቀ ቁጥር ካሳዩም ውጤቱ ሳይታመን ሥራው ይደገም።

አፈሩ የተበከለ ሆኖ ቢገኝ ቈፍሮ በወንዝ ዳር ወይም በሰው ማሳ ላይ መድፋት ችግሩን ማዛወር ነው። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ታውጆአል፤ ስለዚህ አፈሩን ከማንሣት በፊት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትን ማማከር ግዴታም ብልህነትም ነው።

7. ሕግና ውል

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2069 ፈንጂ ወይም መርዛማ ነገር በማከማቸት በሌላ ሰው ላይ ያልተለመደ አደጋ የፈጠረ ሰው ጉዳት በደረሰ ጊዜ ኀላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት አረጋግጦአል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ብክለት ያደረሰ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል፤ አቤቱታ አቅራቢው ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ማመልከት እንዲችልም አድርጎአል። ስለዚህ የሠፈሩ ነዋሪ ሁሉ ከሳሽ ሊሆን ይችላል።

በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ የሚዛወረው ቤቱና የመሬቱ የመጠቀሚያ መብት ነው። ብክለቱ ግን ከቦታው ጋር ይኖራል። አዲሱ ባለይዞታ ሲገባ የአፈሩ ሁኔታ በጽሑፍ ካልተመዘገበ፣ ከዓመታት በኋላ የተገኘው ነዳጅ ከእርሱ በፊት የፈሰሰ መሆኑን ለማስረዳት እጅግ ይቸግረዋል። በመግቢያው ቀን የተወሰደ ናሙና ለገዢ ጋሻ ነው፤ በመውጫው ቀን የተወሰደ ናሙና ደግሞ ለሻጭና ለተከራይ ጋሻ ነው።

የውል ጽሑፍ የምናዘጋጅ ሰዎች እንዲህ ያለ ቃል ብናስገባ መልካም ነው፦ «ሻጭ በዚህ ቦታ ላይ የነዳጅ ታንከር፣ ቧንቧ ወይም የነዳጅ በርሜል ማከማቻ ስለ መኖሩ ወይም ስለ መኖሩ ታሪክ የሚያውቀውን ሁሉ ለገዢ ገልጦአል። ሁለቱ ወገኖች በተገኙበት የተወሰደው የአፈር ናሙና ውጤት ከዚህ ውል ጋር ተያይዞአል። ከውሉ ቀን በፊት ለደረሰ ብክለት ማጽጃ የሚሆነውን ወጪ ሻጭ ይችላል።» ገዢው የምርመራው ውጤት እስኪመጣ ከዋጋው የተወሰነውን በአደራ እንዲቈይ ቢጠይቅም ነውር የለበትም። ሻጩም ቦታው ንጹሕ ከሆነ ይህ ወረቀት ዋጋውን ከፍ ያደርግለታል እንጂ አይጎዳውም።

እንግዲህ የምርመራው ወጪ ይከብዳል የሚል ነጋዴ ቢኖር የምርመራውን ዋጋ ከሚያስነቅለው ሊሾ፣ ከሚያስቈፍረው አፈር፣ ከሚበላሸው ሸቀጥና ከሚጠብቀው ክስ ጋር ያነጻጽር። አሥር ብርጭቆ አፈር፣ አንድ የበረዶ ሣጥንና በሥርዓት የተፈረመ ወረቀት ለብዙ ዓመት ክርክር መዝጊያ ይሆናሉ። ከዚህም በላይ ማደያው አጠገብ ውኃ የሚቀዱት ሰዎች ደንበኞቻችን፣ ዘመዶቻችንና ልጆቻችን ናቸው። ጆንያውን ወግቶ የሚገዛ ነጋዴ ቦታውንም ወግቶ ይግዛ።